«ከምን ልጀምር?» ያለ ዲግሪ አይቲ ለመግባት የኬብል ጥያቄና መልስ

ኬብል፦ እንደምን አመሻችሁ። በውስጥ መስመር ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለምትልኩልኝ ዛሬ በአደባባይ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ እዚህ ኬብል እባላለሁ፤ ከአገር ቤት የወጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው፤ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። ዲሲ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ በ41 ዓመቴ ቨርጂኒያ አሽበርን ዳታ ሴንተር (ሰርቨር የሚባሉት የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) ውስጥ በማታ ሺፍት ገባሁ። አሁን ኔትወርክ ላይ ነኝ። ደመወዝ አትጠይቁኝ። የውሸት ልምድ ላስጽፍ የምትሉም ሌላ ሰው ፈልጉ። በሉ።

አቤል የኡበሩ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? አምስት ዓመት ኡበር ነዳሁ፣ ወገቤ አለቀ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ዎርድ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

ኬብል፦ ከኤ ፕላስ፣ ከጀማሪው የኮምፒውተር ጥገና ሰርተፊኬት። ሁለት ፈተና አለው፣ እያንዳንዱ ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። አንዱን ብቻ አልፎ ሰርተፊኬት የለም። ከመጽሐፉ በፊት ግን ሰው የጣለው አሮጌ ዴስክቶፕ ፈልግና ፍታው። ራሙን አውጣ፣ ፓወር ሰፕላዩን ንቀል፣ መልሰህ ግጠም። ካልተነሳ ደስ ይበልህ፤ ለምን እንዳልተነሳ ስትፈልግ የምትማረውን ማንም አያስተምርህም። ቪዲዮውን ኤርፖርት ተሰልፈህ ተራ ስትጠብቅ እይ፣ እየነዳህ አይደለም። ዳምፕ አትግዛ።

ጠያቂ 7፦ ዳምፕ ምንድን ነው?

ኬብል፦ የተሰረቀ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ። ከተያዝክ ሰርተፊኬትህን ይሰርዙብሃል። ካልተያዝክ ደግሞ የሥራ ኢንተርቪው ላይ ትያዛለህ።

ሜሪ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ ምንድን ነው የሚሠራው? ወንድሜ «ዘበኝነት ነው» አለኝ።

ኬብል፦ ወንድምሽ መንገድ ዳር ያለውን አጥር ነው ያየው። ይኸን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ሰፈር ነው። ይኸ ሁሉ እኛ ቤት የምንከራይበት፣ ልጅ የምናሳድግበት፣ እንጀራ የምንገዛበት አካባቢ ነው። እዚያ ውስጥ የቴክኒሺያን ሥራ እጅ ይፈልጋል፦ ሰርቨር ራክ (የብረት መደርደሪያ) ላይ መስቀል፣ የሞተ ሃርድ ዲስክ መቀየር፣ ኬብል መዘርጋት፣ ሌብል መለጠፍ፣ ቲኬት (የሥራ ትእዛዝ) መዝጋት። አብዛኛው ሺፍት የአሥራ ሁለት ሰዓት ርዝመት አለው፤ ቅዳሜም እሑድም አለ፣ ፋሲካም አለ። ከራኩ ፊት ቀዝቃዛ፣ ከኋላው ሙቅ መተላለፊያ ነው፤ ጃኬትሽን ስታወልቂ ስትለብሺ ታድሪያለሽ። ጆሮ መከላከያ ያዢ።

ፋይበርን (ዳታ በብርሃን የሚያስተላልፈውን የመስታወት ኬብል) ያወቀ ሰው እዚያ አይወድቅም። ቢጫው ሲንግል ሞድ (ለሩቅ) ነው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለ የሚመስለው መልቲ ሞድ (ለቅርብ)። የሲንግል ሞድ ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት እምብርት ወደ 9 ማይክሮን ነው፤ የጠጉራችን ውፍረት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እንግዲህ ጫፉን በጣትሽ ነካ ብታደርጊው የጣትሽ ወዝ ምን እንደሚሆን አስቢው፤ ተራራ ነው። ስለዚህ በማጉያ ታያለሽ፣ ታጸጃለሽ፣ ደግመሽ ታያለሽ፣ ከዚያ ትሰኪያለሽ። «አዲስ ነው፣ አሁን ከፕላስቲኩ ወጣ» አይሠራም። ኮኔክተሩ (የኬብሉ መሰኪያ) አረንጓዴ ከሆነ ጫፉ 8 ዲግሪ ተዳፋት ነው፣ ሰማያዊው እንደዚያ አይደለም። ሁለቱን ያጋጠመ ልጅ አንድ ሌሊት ሙሉ ስዊች (ማሽኖችን የሚያገናኘውን ሣጥን) ሲቀይር አድሯል፤ ስዊቹ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ይኸን ኢንተርቪው ላይ የሚያወራ ሰው ዲግሪ ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቀውም።

ሜሪ ከአሌክሳንድሪያ፦ እርስዎስ ተሳስተው ያውቃሉ?

ኬብል፦ እንዴታ! ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ወር አራት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 (ዳታውን ዲስኮቹ ላይ የሚያከፋፍል አሠራር) ሰርቨር ነበር። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲሞት ይችላል፣ ሁለት አይችልም። ቲኬቱ «ዲስክ 2 ቀይር» ይላል። እኔ እንደ ሰው ከ1 ጀምሬ ቆጠርኩ፤ ማሽኑ ከ0 ነው የሚቆጥረው። ጤነኛውን መዘዝኩ፣ ከሞተው ጋር ሁለት ሆነ፣ ሰርቨሩ ቆመ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። በዚያው ደቂቃ ለአለቃዬ ደወልኩና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይኸኛውን ነው ያወጣሁት» አልኩ። ዲስኩን ምንም ሳልነካው ስለተናገርኩ ዳታውን አተረፉት። ብደብቅ ኖሮ ዛሬ ታክሲ ላይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የዲስኩን መብራት ሳላይ እጄን አልሰድም።

ትንሹ፦ ጋሼ አንድ ሥልጠና ቤት አለ። ስድስት ሳምንት ያስተምራሉ፣ ሬዝሜው ላይ የአምስት ዓመት ልምድ ይጽፋሉ፣ ኢንተርቪውም ሌላ ሰው ይገባልሃል ይላሉ። ጓደኛዬ በዚህ ተቀጥሯል።

ኬብል፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ?

ትንሹ፦ አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።

ኬብል፦ ለማወቅ ያህል ከሆነ ስማ። ነገ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) የሚጠይቅ ሥራ ብታገኝ የምትሞላው ፎርም የ10 ዓመት የሥራ ታሪክህን ይጠይቃል። መርማሪው ቀጣሪህን ሄዶ ያናግራል። እዚያ ላይ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሬዝሜህ ላይ አምስት ዓመት አይቲ፣ ፎርሙ ላይ ሌላ ሥራ፤ የትኛው ነው እውነቱ? ጓደኛህ ደግሞ ሥራው ላይ ምን እያደረገ ነው? ማታ ማታ እየደወለ ሰው አይለምንም?

ትንሹ፦ ይለምናል።

ኬብል፦ ጨርሻለሁ።

ሳሚ ቲ፦ ሴኩሪቲ ፕላስ (የኮምፒውተር ደኅንነት ሰርተፊኬት) ካለኝ ክሊራንስ ይሰጡኛል?

ኬብል፦ አይሰጡህም። ክሊራንስ በግል አይጠየቅም፤ ሂደቱን የሚያስጀምርልህ ቀጣሪ ነው፣ በአብዛኛውም ዜግነት ይፈልጋል። ግሪን ካርድ ይዘህ አትድከም። ሴኩሪቲ ፕላስ ግን የፔንታጎን ኮንትራት ያላቸው ቀጣሪዎች ለብዙ ቦታ ስለሚቀበሉት እዚህ አካባቢ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ማለፊያው ከ900 750፣ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት። ኔትወርክ ሳታውቅ እሱን ቀድመህ አትውሰድ፤ ቤት ሳይሠራ ቁልፍ መግዛት ነው።

ባዩሽ፦ ይቅርታ፣ እኔን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ይኸን አንብቦ «ኮሌጅ አልገባም» ቢለኝስ? ለዚህ ነው የተሰደድነው?

ሳሚ ቲ፦ እትዬ ባዩሽ፣ ማስተርስ ይዞ ሰቨን ኢለቨን የሚሠራ አበሻ ስንት ነው?

ባዩሽ፦ እሱ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ነው። እዚህ የተማረ እንደዚያ አይሆንም።

ሳሚ ቲ፦ እዚህ የተማረው ደግሞ የብድር ዕዳ አለበት።

የካሳንቺሱ፦ ሐበሻ ወላጅ ዘንድ ከሐኪምና ከኢንጂነር ሌላ ሙያ የለም 😂

ባዩሽ፦ የሚያስቅ ነገር አላየሁም። አንተ ልጅ አለህ?

የካሳንቺሱ፦ ድመት አለችኝ።

ኬብል፦ ተዉ እንጂ። እትዬ ባዩሽ ልክ ናቸው፣ ሳሚም ልክ ነው። ሜሪላንድ በ2022 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የስቴት ሥራዎች ላይ የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቅ አቆመች፤ ቨርጂኒያ በ2023 ተከተለች። የፌዴራሉ የአይቲ ምድብ፣ 2210 የሚባለው፣ በልምድ ብቻ ይቀበላል። በሩ እንግዲህ አለ። ግን አልዋሽም፦ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን አመልክቼ ዲግሪ ስለሌለኝ ብቻ አንድ ጊዜ መልሰውኛል፣ ያሠለጠንኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ። ጥሩ አለቃ ነው፣ ቅር አይለኝም። ትንሽ ይለኛል። እትዬ፣ ልጅዎ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ይግባ፤ የዳታ ሴንተር ኦፕሬሽን ትምህርት አላቸው። ቤቱ እያደረ ይማራል።

ባዩሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እነግረዋለሁ።

ጠያቂ 7፦ አይቲ አሪፍ ነው?

ኬብል፦ ቀጣይ።

የካሳንቺሱ፦ ጋሼ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ልግባ ወይስ በኦንላይን ብቻ ልማር?

ኬብል፦ እዚያው ያሉት ይመልሱልህ።

ሜሪ ከአሌክሳንድሪያ፦ እህቴ አዲስ ናት፤ ቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሳ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ተፈትና ነው የተቀጠረችው። «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባል በ2024 የተጀመረ ነፃ የኦንላይን ሥልጠናም አለ፤ እሱን ጎን ለጎን ወስዳለች። ግን የቀጠሯት ሰርተፊኬቱን አይተው ሳይሆን የቢሮውን ፕሪንተር ኔትወርክ ላይ አስገቢ ብለው ፈትነዋት ነው።

ኬብል፦ እሷን እኔም እቀጥራታለሁ።

ሳሚ ቲ፦ ኤአይ ሥራችሁን አይወስደውም?

ኬብል፦ የተቆረጠ ፋይበር በወሬ አይቀጠልም። አሽበርን ዙሪያ የሚቆፈረው መሬት ሁሉ ለማን ይመስልሃል?

ትንሹ፦ እሺ፣ ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትወርክ ሰርተፊኬት) ጀምሬያለሁ፣ ግን ሰብኔቲንግ (የኔትወርክ አድራሻን በትንንሽ ክፍል መከፋፈል) ገደለኝ። ካልኩሌተር እያለ ለምንድን ነው በእጅ የምንማረው?

ኬብል፦ አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ። ምክንያቱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ችግሩን የሚያሳይህ ዓይንህ ነው፣ ካልኩሌተር አይደለም። ምሳሌ፦ ሁለት ማሽን አንድ ስዊች ላይ ናቸው፤ የአንዱ አድራሻ 192.168.10.60፣ የሌላው 192.168.10.70፣ ሁለቱም /26። አይነጋገሩም። ኬብሉ ደኅና ነው፣ መብራቱ በርቷል። አንዱ ልጅ ለዚህ ሁለት ሰዓት ኬብል ቀየረ። /26 ማለት 256ቱን አድራሻ በ64 በ64 ከፈልከው ማለት ነው፦ ከ0፣ ከ64፣ ከ128፣ ከ192 ይጀምራል። ስልሳው ከመጀመሪያው ቤት፣ ሰባው ከሁለተኛው ቤት ነው። በመካከላቸው ግድግዳ አለ፤ ሩተር (ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ) ከሌለ አይሰማሙም። በየቤቱ የመጀመሪያው ቁጥር የቤቱ ስም ነው፣ የመጨረሻው ብሮድካስት (ለቤቱ ማሽኖች ሁሉ አንድ ላይ የሚላክበት አድራሻ)፤ ለማሽን የሚቀርህ 62። ፓኬት ትሬሰር (ኮምፒውተር ላይ ኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም) ነፃ ነው፣ አሁኑኑ ሠርተህ ሰብረው። ፈተናው 300 ዶላር ነው፣ በቀልድ አይገባበትም። ዳምፕም አትግዛ።

የቤት ሥራ ለሁላችሁ፦ 172.16.5.200 ከ/27 ጋር። ኔትወርኩ ስንት ነው? ብሮድካስቱስ?

ሳሚ ቲ፦ 172.16.5.0?

ኬብል፦ ገምተሃል።

አቤል የኡበሩ፦ ጋሼ፣ በ32 በ32 ከሆነ... ኔትወርኩ 172.16.5.192። ብሮድካስቱ 224።

ኬብል፦ ኔትወርኩ ትክክል! ብሮድካስቱ 223 ነው፤ 224 የጎረቤት ቤት ነው፣ ሳታንኳኳ ገባህ። ዎርድ ብቻ ነው የማውቀው ያልከው አንተ ነህ?

አቤል የኡበሩ፦ ሬስተን ቆሜ ወረቀት ላይ ነው የሠራሁት። ተሳፋሪ መጣ፣ ልሂድ።

ኬብል፦ ሂድ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። እኔም ነገ በጠዋት ነኝ።

ሃና፦ አሁን ገባሁ፣ ይቅርታ ጋሼ። ዲግሪ የለኝም፤ ከምን ልጀምር?

ኬብል፦ ደኅና እደሩ።