ድምፁን የሚያስጨምረን የውጭው ጫጫታ ነው፦ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ጆሮ ማዳመጫ የምትልኩልኝ ጥያቄዎች እየበዙ ስለመጡ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ድምፅ መጠን ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን መንገድ ላይ ስለማዳመጥ የቀረበው ጥያቄ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ድምፁን ከፍ ሳደርግ ስልኬ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ «እሺ» ብዬ አልፈዋለሁ። ስንት ላይ ባደርገው ነው ጆሮዬን የማይጎዳው? (ተማሪ)

መልስ፦ አንድ ቁጥር ብቻ ብነግርህ አሳስትሃለሁ። ጉዳቱን የሚወስነው የድምፁ ከፍታና የምታዳምጥበት ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ሌሎች መለኪያዎች አይደለም፤ 3 በጨመረ ቁጥር ጆሮ ላይ የሚያርፈው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ የሚፈቀደው ጊዜም በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርስ ለሳምንቱ በሙሉ ያለህ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አንድ አራት አምስት ዘፈን ሰማህ ማለት የሳምንቱን ድርሻ ጨረስክ ማለት ነው።

ስልክህ ዴሲቤሉን የሚያሳይ ከሆነ እሱን ተከታተል፤ አይፎን ላይ ለምሳሌ የጤና መተግበሪያው የሳምንቱን መጠን መዝግቦ ይይዝልሃል። የማያሳይ ከሆነ ከሙሉው ድምፅ 60 በመቶውን አትለፍ። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ አንዱ ማዳመጫ ላይ ለስላሳ የሆነው 60 በመቶ ሌላው ላይ ሊጮህ ይችላል። እኔ የምመርጠው ዘዴ ይህ ነው፦ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ሆነህ ድምፁን ከታች ጀምረህ ጨምር፤ እያንዳንዱ ቃል በግልጽ የሚሰማህ ቦታ ላይ ስትደርስ አቁም። ልክህ እሱ ነው። ከዚያ ውጭ ወጥተህ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ገብተህ እጅህ ወደ መጨመሪያው ሲሄድ ልብ በል። ዘፈኑ አልቀነሰም፤ የሞተሩን ጫጫታ ለማሸነፍ ነው የምትጨምረው። ጆሮህ ደግሞ ጫጫታውንም ዘፈኑንም ነው የሚሸከመው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድምፁን ከመጨመር ቦታውን እስክታልፍ ማዳመጡን መተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በኢርፎን ፊልም ካየሁ በኋላ ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ጠዋት ስነሣ ግን ደህና ነኝ። ሊያሳስበኝ ይገባል?

መልስ፦ አዎ፣ ይገባል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ጥቃቅን ህዋሳት አሉ፤ ቁጥራቸው በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ነው። ከኃይለኛ ድምፅ በኋላ ጆሮ ጭው የሚለው እነሱ ከአቅማቸው በላይ ስለሠሩ ነው። ወፎች እነዚህ ህዋሳት ሲሞቱባቸው በምትካቸው አዲስ ያበቅላሉ፤ የሰው ልጅ ግን አንዴ ካጣቸው አጣቸው። ጠዋት ላይ ጭውታው ስለጠፋ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል ብለሽ አትደምድሚ።

ጉዳቱ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ቀድሞ የሚዳከመው 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ሰው ሲናገር ይሰማሻል፣ ንግግሩ ግን አይጠራልሽም፤ እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ስስ ድምፆች ይደበዝዛሉ። ሰው በተሰበሰበበት «ምን አልክ?» ማለት ካበዛሽ ወይም ጭውታው ሳይለቅሽ ከሰነበተ የመስማት ምርመራ አድርጊ። አንድ ጆሮሽ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ሕክምናው ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ጫጫታ የሚያጠፋው (ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው) ማዳመጫ ጆሮ ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲያውም አጠቃቀሙን ላወቀበት ጆሮን ያድናል። የውጩን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ በመልቀቅ ያጣፋዋል። ይበልጥ የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ሞተር ባለ ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። ጫጫታው ሲቀንስ ድምፅ ለመጨመር የሚያስገድድዎት ነገር አይኖርም። በጉዞ ላይ ተቀምጠው ከሆነ ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት። በእግርዎ መንገድ ላይ ሲሆኑ ግን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት በመኪና መንገድ ዳር እሮጣለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ አንዳንዴም በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነው የማዳምጠው። ወንድሜ ግን «አንድ ቀን መኪና ይገጭሻል» እያለ ይቆጣኛል። እያጋነነ ነው?

መልስ፦ እያጋነነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ማዳመጫ ያደረጉ እግረኞች የተገጩባቸውን 116 አደጋዎች መርምሮ ነበር። ከግማሽ በላዩን የገጨው ባቡር ነው፤ 70 በመቶ ያህሉ ሰዎች ሞተዋል። ከአደጋዎቹ በ29 በመቶው ከመገጨታቸው በፊት ጡሩምባ ወይም ሌላ ማስጠንቀቂያ እንደተሰማ ተመዝግቧል። ተነፍቶላቸው ነበር፤ አልሰሙም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በአንድ ጆሮ ማዳመጡ ከሁለቱ ይሻላል፤ ግን የሚመስልሽን ያህል አያድንሽም። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው በሁለቱ ጆሮዎቻችን ስናነጻጽረው ነው፤ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ላይ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በሚያንስ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አእምሮም ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ አቅጣጫውን ያውቃል። አንዱ ጆሮ ተደፍኖ ከሆነ መኪናው መምጣቱን ትሰሚያለሽ፣ በየት በኩል እንደሆነ ግን ትሳሳቺያለሽ። ከዚህም ሌላ በአንድ ጆሮ የሚያዳምጥ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል።

ድምፁን ዝቅ ማድረግሽ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሐሳብሽ ወሬ ላይ ከተጠመደ ጆሮ የሰማውን ልብ አያስተውለውም። በዚህ ረገድ ስልክ ማውራት ወይም የሚስብ ትረካ መከታተል ከለስላሳ ሙዚቃ ይብሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡት ሁሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ያስገደደው ለዚህ ነው። ያ ድምፅ ቢኖርም ጆሮው ለተደፈነ አይደርስም።

ስለዚህ የምመክርሽ፦ መኪና በሌለበት ሜዳ ወይም መናፈሻ ውስጥ ስትሮጪ አዳምጪ። መንገድ ከማቋረጥሽና ሐዲድ አጠገብ ከመድረስሽ በፊት ግን ዘፈኑን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ከጆሮሽ አውጪው። ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባው ዓይነት ዘፈን ባይኖርበትም የውጩን ድምፅ ያፍናል። ካወጣሽ በኋላ ግራና ቀኝ በዓይንሽ ተመልከቺ። ወንድምሽን ደግሞ አመስግኚልኝ።

ጥያቄ፦ ጆሮ ላይ ሳይገባ በአጥንት በኩል የሚያሰማው ማዳመጫስ?

መልስ፦ ጆሮዎን ክፍት ስለሚተውልዎት ለመንገድ የተሻለ ነው። ድምፁ የሚደርሰው ግን ወደዚያው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ስለሆነ ከፍ ካደረጉት ጉዳቱ ያው ነው። ሐሳብ የመስረቁ ነገርም አልተፈታም።

ጥያቄ፦ ለ7 ዓመት ልጄ «ለሕፃናት» የሚል ማዳመጫ ልገዛለት ነው። ካርቶኑ ላይ ከ85 ዴሲቤል አያልፍም ይላል። ልመነው? (እናት)

መልስ፦ ጽሑፉ እውነት ቢሆን እንኳ 85 ዴሲቤል ለልጅ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው 75 ዴሲቤል ሲሆን እሱም በሳምንት ከ40 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። በ85 ዴሲቤል ሲሰላ 40ው ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ ይህን ደግሞ ልጅ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ማዳመጫው ጆሮን ከላይ የሚሸፍን ዓይነት ይሁን። መጀመሪያ እርስዎ አድርገው ያዳምጡትና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የድምፁን ጣሪያ ይወስኑ፤ ልጁ እንዳይቀይረው በኮድ ይቆልፉት። እያዳመጠ ሳለም አጠገቡ ሆነው በተለመደው ድምፅዎ በስሙ ይጥሩት። ዞር ካላለ ይቀንሱለት። ቤት ውስጥ ሌላ የሚረበሽ ሰው ከሌለ ደግሞ ማዳመጫውን ትቶ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ቢሰማ እመርጣለሁ፤ ያኔ ምን እንደሚሰማም እርስዎ ያውቃሉ።