ፈርነሳችን ሊሞት ነው፣ ሂት ፓምፕ እናስገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ሰነበትክ። ምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቤቱን ከገዛን 6 ዓመት ሆነን፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነው ቤዝመንት አለው ወደ 2,000 ስኩዌር ፊት ይሆናል። ቤቱን ሚያሞቀው የጋስ ፈርነስ ስንገዛውም አርጅቶ ነበር ዘንድሮ ግን ለይቶለት ሁለቴ ቆመብን፣ ኤሲውም እኩያው ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም አውጥተን በመብራት ሚያሞቅም ሚያቀዘቅዝም ማሽን፣ ሂት ፓምፕ እናስገባ ይላል። አንድ ኮንትራክተር ጠርተን ቤዝመንት ወርዶ የድሮውን ማሽን አየ፣ ቤቱ ስንት ስኩዌር ፊት ነው አለን፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ 5 ቶን ያስፈልጋችኋል 19,000 ዶላር ብሎ ወረቀት ሰጠን። ዛሬ ከፈረማችሁ ደግሞ ከፌዴራል 2,000 ዶላር በታክስ ይመለስላችኋል አለ። ሂት ፓምፕ ያላት ጓደኛዬ ግን ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው ልጆችሽን በብርድ እንዳትጨርሺያቸው ትለኛለች። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ብርድ ጭራሽ አትችልም። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት እንዳትፈርሙ። ሂት ፓምፑን እኔም እደግፈዋለሁ፣ ሰውየው ግን ቤታችሁን አልለካም።

የ2,000 ዶላሩ ነገር ደግሞ አልፎበታል። ያ የታክስ ክሬዲት ከወጪው 30 ፐርሰንት፣ ቢበዛ 2,000 ዶላር ድረስ ይሰጥ ነበር፣ በ2025 ጁላይ የወጣው ሕግ ግን ከዲሴምበር 31, 2025 በኋላ ለሚገጠም ማሽን አስቀርቶታል። በ2025 አስገብቶ የጨረሰ ሰው ካለ የዛን ዓመት ታክስ ሲሞላ ፎርም 5695 ላይ ይጠይቅ። አሁን ያለው እርዳታ ከስቴቱና ከመብራት ኩባንያው ሚመጣው ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኢምፓወር በሚባለው ፕሮግራም ስር ሪቤት፣ ማለትም ተመላሽ ገንዘብ አለ፣ መጠኑና መስፈርቱ ስለሚቀያየር ከመፈረማችሁ በፊት መብራት ኩባንያችሁ ጋ ራሳችሁ ደውሉ። ያለፈበትን ክሬዲት አሳይቶ ዛሬ ፈርሙ ሚል ሰው፣ እኔ ብሆን ቤቴ ድጋሚ አላስገባውም።

ወደ ብርዱ ልምጣ። ፍሪጅ ጀርባ እጅሽን አስጠግተሽ ታውቂ ከሆነ ይሞቃል አይደል? ከምግቡ የወሰደውን ሙቀት ነው ወደ ኩሽናው ሚተፋው። ሂት ፓምፕም እንደዛው ነው፣ ዊንተር ላይ ከውጪው አየር ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል፣ ሰመር ላይ ገልብጦ ከቤት ወደ ውጪ ያወጣል፣ ስለዚ ኤሲውንም ፈርነሱንም አንድ ማሽን ይተካቸዋል። በረዶ ሲሆን ከየት ይመጣል ሙቀቱ እንዳትዪኝ፣ ቱቦው ውስጥ ሚዞረው ጋዝ ከውጪው አየርም የባሰ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ ወደሱ ይሄዳል፣ ከዛ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው ይግላል። ያለውን ሙቀት ስለሚያመላልስ በ1 ኪሎዋት አወር መብራት ወደ 3 ኪሎዋት አወር ሙቀት ይሰጣል፣ ብርዱ ሲከፋ ወደ 2 ይወርዳል። እዚህ አካባቢ ደግሞ ከ20 ፋራናይት በታች ሚወርደው በዓመት ጥቂት ሌሊት ነው።

ጓደኛሽ ውሸቷን አይደለም። ከፈርነስ ሚወጣው ነፋስ 120 ፋራናይትና ከዛ በላይ ነው፣ ከሂት ፓምፕ ሚወጣው ግን ከ90 እስከ 100 ገደማ ስለሆነ ሰውነታችን ካለው ሙቀት ብዙም አይበልጥም፣ እጅሽን ስትዘረጊበት ቀዝቃዛ ይመስላል። ቤቱ ግን 70 ላይ ካረግሽው 70 ላይ ይቆያል፣ ማሽኑ ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ነው ሚሰራው፣ ሳያቋርጥ ሲሰራ ስትሰሚው ተበላሸ እንዳትዪ። ምናልባት ጓደኛሽ ማታ ማታ ቴርሞስታቱን ወደ 60 አውርዳ ጠዋት ወደ 72 ምትሰቅል ከሆነ ችግሩ እሱ ነው፣ ያኔ ማሽኑ አልደርስ ስለሚል ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና ቢሉ ይቆልላል። ኢመርጀንሲ ሂት ሚለውንም ማሽኑ ካልተበላሸ በስተቀር እንዳትነኩት፣ ስሙ ጥሩ ይመስላል እንጂ ሂት ፓምፑን አጥፍቶ በዛ ውድ ማሞቂያ ብቻ ነው ሚያስኬደው።

አሁን ዋናው ነገር፣ 5 ቶኑ። አንድ ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ማለት ነው፣ 5 ቶን 60,000 ማለት ነው። ቤታችሁን ባላየውም ለ2,000 ስኩዌር ፊት ብዙ ይመስለኛል፣ ግን የኔም ግምት የሱም ግምት አይሰራም፣ ማንዋል ጄይ ሚባል ስሌት አለ፣ የእያንዳንዱ ክፍል መስኮት፣ ግድግዳ፣ የጣሪያው ኢንሱሌሽን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚመታው ሁሉ ተለክቶ ሚሰራ። ሜትር ይዞ ክፍል በክፍል ያልዞረ ሰው ይሄንን አልሰራም። ባለፈው ሰመር የሄድኩበት አንድ ቤት ማሽኑ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ገብቶ ነበር፣ 8 ደቂቃ ነፍቶ ይጠፋል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል ግን እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ የልጆቹ ፎጣ ለሁለት ቀን ተሰቅሎ አልደረቀም፣ ቤዝመንቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ ሴትየዋ እንደዛ ከፍላ ዲሂዩሚዲፋየር ልትገዛ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ደግሞ ለአንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፊት አየር ያህል ያስፈልጋል፣ ለ5 ቶን 2,000 መሆኑ ነው፣ የድሮ ዳክታችሁ፣ አየሩን ወደየክፍሉ ሚያደርሰው ቱቦ፣ ያንን ካልቻለ ቤቱ ሲያፏጭ ያድራል። ስለዚ ዳክቱንም ይለኩ፣ ሚያፈስበት ካለ ይደፈን።

ኪሳችሁን በተመለከተ በራሳችሁ ቢል አስሉት። አንድ ቴርም ጋስ 100,000 ቢቲዩ ነው፣ የድሮ ፈርነስ ከዛ 80 ፐርሰንቱን ለቤቱ ሰጥቶ ሌላውን በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፕ በ8 ኪሎዋት አወር ገደማ ያመጣዋል። የጃንዋሪን የጋስ ቢል ለቴርሙ አካፍዪ፣ የመብራቱንም ለኪሎዋት አወሩ አካፍለሽ በ8 አባዢው፣ የጋሱ ከበለጠ ሂት ፓምፑ ይረክሳል። ለምሳሌ መብራቱ 18 ሳንቲም ከሆነ 1 ዶላር ከ44 ይመጣል። ተቀራርበው ካገኘሻቸው ማሽኑን በቢል ሳይሆን ኤሲውንም አብሮ ስለሚተካ ነው ምትመርጪው። ምድጃችሁ ጋስ ከሆነ ደግሞ የጋስ ኩባንያው የወር ቋሚ ክፍያ አይቀርላችሁም።

እዚህ ጋ ማንም ያልነገራችሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ውሃ ማሞቂያችሁ በጋስ ሚሰራ ከሆነና ከፈርነሱ ጋር በአንድ ጭስ ማውጫ ሚወጣ ከሆነ፣ ፈርነሱ ሲነሳ ያ ሰፊ ጭስ ማውጫ ለውሃ ማሞቂያው ብቻ ይቀራል፣ የሱ ትንሽ ሙቀት ያንን ሁሉ ስለማያሞቀው ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤዝመንት ሊመለስ ይችላል። ጭሱ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሚባል መርዛማ ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ አይሸትም አይታይም፣ በተዘጋ ቤት በከሰል ቡና ሲፈላ ሰው ሚወድቅበት እሱ ነገር። ኮንትራክተሩን የውሃ ማሞቂያው ጭስ ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂው፣ ወይ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ ቱቦ (ላይነር) ያስገባል ወይ ማሞቂያው ይቀየራል። መልስ ከሌለው ይሂድ። በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር፣ ይሄ ለነገ አይባልም።

ቢያንስ ሦስት ኮንትራክተር ጠርታችሁ አስለኩ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ ስራ የስቴት ላይሰንስ ግዴታ ስለሆነ ቁጥራቸውን ተቀብላችሁ ኦንላይን አረጋግጡ፣ ፐርሚቱንም ኮንትራክተሩ ያውጣ። 5 ፋራናይት ላይ ማሽኑ ስንት ቢቲዩ እንደሚሰጥ ከሠንጠረዡ ያሳዩሽ። የኤሌክትሪክ ፓነላችሁ 100 አምፕ ከሆነም ቀድሞ ይታይ፣ ያ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ የድጋፍ ማሞቂያ 10 ኪሎዋት ከሆነ ብቻውን ከ40 አምፕ በላይ ይወስዳል።

ከገባ በኋላ ፊልተሩን አደራ። እጣን ሚጨስበት፣ ቁሌት ሚቁላላበት ቤት ውስጥ ፊልተር ሦስት ወር አይቆይም፣ እኔ ከሐበሻ ቤት አውጥቼ ያየሁት ጥቁር ብሎ እንደ ካርቶን ደርቆ ነው፣ በየወሩ እዩት።

ውጪ ያለውን ማሽን ደግሞ ከበረዶ ላድነው ብላችሁ ላስቲክ እንዳታለብሱት፣ መተንፈስ አለበት፣ ሲገጠምም ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቀመጥ። ብርድ ያለ ጠዋት ላይ ማሽኑ ነጭ በነጭ ሆኖ በረዶ ይይዛል፣ ከዛ በራሱ ጊዜ ፉስ ብሎ ማራገቢያው ይቆማል፣ በረዶውን ሲያቀልጥ ትልቅ እንፋሎት ይነሳል፣ ልክ ጭስ ነው ሚመስለው። እናትሽ በመስኮት አይታ ቤቱ ተቃጠለ ብላ እንዳትደነግጥ ከወዲሁ ንገሪያት፣ 10 ደቂቃ አይሞላም፣ ያልፋል።