መዝገብ ቤቱን ለማሽን ስትሰጡ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሥራ የጀመርሁት ኢሜይል በማይታወቅበት ዘመን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር። ገቢ ደብዳቤ ሲደርሰን ቁጥርና ቀን ሰጥተን፣ በገቢ መዝገብ ላይ አስፍረንና ከፋይሉ ጋር አያይዘን ለኃላፊው እናቀርባለን፤ ኃላፊው ደግሞ በደብዳቤው ጥግ ላይ ጽፎ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ዛሬ በኢሜይል ሳጥናችሁ ላይ የምታወጡት ደንብ፣ ማለትም ማሽኑ ገቢ መልእክትን በራሱ እንዲለይ የምትሰጡት ትእዛዝ (ጂሜይል ማጣሪያ ይለዋል)፣ የሚሠራው የእኛን ሥራ እንጂ የኃላፊውን አይደለም። ስለዚህ እንዲለይና እንዲያስቀምጥ ፍቀዱለት፤ መምራቱን ግን ለራሳችሁ አስቀሩት።

ለመጀመሪያ ደንብ የሚሆነውን ሐሳብ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ላይ ታገኙታላችሁ፦ ግልባጭ። ለእናንተ የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ይጠብቃል፤ በግልባጭ የደረሳችሁ ግን በአብዛኛው እንድታውቁት ብቻ ነው። ስማችሁ በግልባጭ (Cc) መስመር ላይ ብቻ የሚገኝበትን መልእክት ለብቻው የሚያስቀምጥ አንድ ደንብ፣ ከሌሎች ብዙ ደንቦች የበለጠ ሳጥናችሁን ያቀልላችኋል። (ሁሉንም ሰው በተቀባይነት የሚደረድር አለቃ ካላችሁ ግን ለዚያ ማሽን መድኃኒት የለውም።)

ቃልን መሠረት ያደረገ ደንብ ሌላ ነገር ነው፤ እኔም ዋጋ የከፈልሁት በእርሱ ነው። ከዓመታት በፊት፣ በጉዳዩ መስመር «ጨረታ» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እንዲሄድና እንደተነበበ ምልክት እንዲደረግበት ደንብ አወጣሁ። የጨረታ ማስከበሪያው መጠን መሻሻሉን የሚገልጽ ማብራሪያ ሲመጣ፣ ደንቡ እንደታዘዘው «ተነቧል» ብሎ አስቀመጠው፤ እኛም በቀድሞው መጠን አስገብተን ከውድድሩ ወጣን። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ያላነበብሁትን እንዳነበብሁ አድርጎ እንዲመዘግብልኝ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ የቃል ደንብ ይበልጥ ያስቸግራል። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት» አንድ ቢሆኑም ማሽኑ የሚያየው የተለያዩ ፊደላትን ነው። ጂሜይል ሙሉ ቃልን እንጂ የቃል ቁራጭን ስለማይፈልግ፣ «ጨረታ» ብላችሁ ያወጣችሁት ማጣሪያ «የጨረታ» ወይም «በጨረታው» የሚለውን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ደንባችሁ በላኪው አድራሻ ላይ ይቁም። ከማጽናታችሁም በፊት ያንኑ መስፈርት በመፈለጊያው ላይ ጻፉና በእስከ ዛሬው ክምችታችሁ ውስጥ ምን እንደሚይዝ ተመልከቱ፤ ያልጠበቃችሁት ደብዳቤ አብሮ ከወጣ መስፈርቱን አጥብቡት።

የሚሰርዝ ደንብ አታውጡ። ጂሜይል የተሰረዘውን ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ያጠፋዋል፤ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደግሞ አንድ ደብዳቤ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። አውትሉክ የምትጠቀሙ፣ ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች በተራ እንደሚሠሩ አትርሱ፤ ጠባቡን ደንብ ከሰፊው በላይ አድርጉትና ከእርሱ በኋላ ሌላ ደንብ እንዳይቀጥል እዘዙት።

እኔ ደንቦቼን የማየው ሰኔ 30 አካባቢ፣ ንብረት ሲቆጠር ነው። በአንዱ ዓመት ቆጠራ፣ ማስታወቂያ ብቻ ይልክ የነበረን የአንድ አቅራቢ አድራሻ ከዓይኔ የሚያርቅ የቆየ ደንብ አገኘሁ። አድራሻውን የተረከበው አዲስ ሠራተኛ በዚያ በኩል አራት ጊዜ ጽፎልኝ ኖሯል፤ የመጨረሻው «አድራሻው የእርስዎ መሆኑን እባክዎ ያረጋግጡልኝ» ይላል። በዚያው ዕለት ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ደንቡንም አነሳሁት።

አክባሪያችሁ
ከቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ