ጥያቄና መልስ፦ በወረዳ ደረጃ የሕፃናትና የቤተሰብ ድጋፍ እንዴት ይቀናጃል?

የዛሬው መላሻችን የወረዳ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽ/ቤትን አሠራር ከውስጥ የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ጥያቄያችሁን አሳጥራችሁ ጻፉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ አለ። ድጋፍ እንዲያገኝ ምን ይደረግ?

መላሽ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ይማራል? ልደቱ ተመዝግቧል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ከሐዋሳ፣ ሶሻል ወርከር፦ ወደ ጤና ጣቢያ የምንልካቸው ልጆች ይድረሱ አይድረሱ አናውቅም። ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም።

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ደውዬ ነግሬያለሁ ማለት ሪፈራል፣ ማለትም ልጁን ለአገልግሎት ወደ ሌላ ተቋም መላክ፣ አይደለም። የሪፈራሉ ወረቀት፣ የቅብብሎሽ ቅጹ፣ በሦስት ኮፒ ይሞላ። አንዱ ፋይልሽ ውስጥ ይቀራል፣ አንዱን ጤና ጣቢያው ይይዛል፣ ሦስተኛው ተሞልቶና ተፈርሞ ወደ አንቺ ይመለሳል። ሁሉም የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንድታመጣው የሚጠበቀው አሳዳጊዋ ናት። አያትየው ልጁን አሳክማ፣ ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ቤቷ ትገባለች። እሷ ዘንድ ጉዳዩ አልቋል። መልሱን ለእሷ አትተዪላት፤ ጤና ጣቢያው በፖስታ ያጠራቅም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሪፖርት ስትሄድ ይዛልሽ ትምጣ።

ቅጹ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ መጻፍ ለማንም አለመጻፍ ነው። የተቀባዩን ባለሙያ ስም ጻፊ። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ» የሚለውም ይቅር። «ዕድሜ 2 ዓመት፣ የክንድ ዙሪያ ልኬት 11.2 ሳ.ሜ፣ ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና» ብለሽ ስትጽፊ ተቀባዩ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ከ11.5 በታች ከለካ ለቀጠሮ የሚተው አይደለም። መዝገብሽ ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ የፋይል ቁጥር፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። አራተኛው ባዶ የሆነባቸውን ዓርብ ዓርብ በቀይ አስምሪና ቤታቸው ሂጂ። «አገልግሎቱ አልተሰጠም፣ መድኃኒት አልቋል» የሚልም መልስ ነው፤ ሌላ ቦታ ለመላክ ያስችልሻል። የኤችአይቪ ጉዳይ ካለበት ቅጹ በታሸገ ፖስታ ይሂድ።

ከአዳማ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የሚያቀናጀው ወረቀት ሳይሆን ኮሚቴው ነው። ጤና፣ ትምህርት፣ ፖሊስና ፍትሕ በወር አንዴ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ቅጽ ብቻውን ምን ይሠራል?

ከባሕር ዳር፦ የትኛው ኮሚቴ? ኃላፊው አይመጣም፤ በየወሩ አዲስ ሰው ይልካል። ያ ሰው መወሰን አይችልም፣ «ለአለቃዬ አቀርባለሁ» ብሎ ይሄዳል።

ከአዳማ፦ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ የእኛ አይደለም። ነዋሪው ራሱ ለችግረኛ የሚያዋጣበት የማህበረሰብ ክብካቤ ጥምረቱ ባይኖር ደብተሩና ዩኒፎርሙ ከየት ይመጣ ነበር?

መላሽ፦ በቃ። ጥምረቱ ከነዋሪው ሀብት ያሰባስባል፣ ችግረኛውንም ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የወርሃዊ ስብሰባው አጀንዳ «የሥራ አፈጻጸም» ከሆነ ሻይ ጠጥታችሁ ትለያያላችሁ። ያልተመለሱት ቅጾች ዝርዝር አጀንዳ ይሁን፤ ያኔ የጤናው ሰው ስለ ፋይል 14 መልስ ይሰጣል። የልጅ ስም በስብሰባ አይነበብም፣ ቁጥር ብቻ።

ከጅዳ፦ ልጄ አገር ቤት እህቴ ጋ ነው። በሄደችበት ቢሮ ሁሉ «ሞግዚት ነኝ የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ» ይሏታል።

መላሽ፦ እናት በሕይወት እያለሽ ሞግዚት ምን ያደርጋል? ውክልና ነው የሚያስፈልግሽ። ቆንስላው ዘንድ ፈርሚ፣ ሰነዱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ውክልናው ውስጥ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ማሳከምና የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት አንድ በአንድ ይዘርዘሩ፤ በጅምላ ከተጻፈ መስኮቱ ላይ ይመልሷታል። ወረዳውም ልጁን ወላጅ አልባ ብሎ እንዳይመዘግበው ንገሪያት።

ከጎንደር፦ የትምህርት ቤት ምገባ ለምን ይቋረጣል?

መላሽ፦ የትምህርት ጽ/ቤት ጥያቄ ነው።

ከደሴ፦ ጎረቤታችን አራት ልጅ ይዛ ሴፍቲኔት (የመንግሥት የችግረኞች ድጋፍ) አልገባችም። እኛ ምን እናድርግ?

መላሽ፦ የልጅ ብዛት ብቻውን አያስገባም። የተመልማዮች ዝርዝር ለሕዝብ ሲለጠፍ ቅሬታዋን በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚው ታስገባ፣ የገባበትን ቁጥርም ትቀበል።

ስም ያልተገለጸ፦ የ11 ዓመት ልጅ ተደፍራለች። ሽማግሌዎች ጉዳዩን ይዘውታል።

መላሽ፦ ሽምግልናው አሁኑኑ ይቁም፤ ይህ ወንጀል ነው። ልጅቷ አትታጠብ፤ ልብሷ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ያሻግተዋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ማለትም ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በአንድ ቦታ ያለው ሆስፒታል ውሰዷት፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ ሆስፒታል አለ። በአቅራቢያችሁ ከሌለ የትኛውም ሆስፒታል፣ ከዚያ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል። የወረዳ ኮሚቴ አትጠብቁ።

ከጅማ፦ ወላጅ የሌለው ልጅ እንዴት ይረዳል?

መላሽ፦ ከላይ የደብረ ብርሃኑን ሰው የጠየቅኩትን አንብብ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ ተመለስኩ። 6 ዓመቱ ነው፣ ከእናቱ እናት ጋር ይኖራል፣ ልደቱ አልተመዘገበም፣ ትምህርት አልጀመረም።

መላሽ፦ አሁን መነጋገር ይቻላል። ትምህርት ቤቱ ወረቀት እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ የቀበሌውን ደብዳቤ ይዛችሁ ነገ አስመዝግቡት። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ነበር የሚመዘገበው፤ ጊዜው ቢያልፍም ይመዘገባል፣ ማስረጃው ግን ይበዛል። የወላጆቹን ሞት አስቀድሙ፤ ፍርድ ቤት የሞት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። የልጁን ልደት አያቱ ማስመዝገብ ይችላሉ።

ከዚያ ፍርድ ቤት። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት። አሳዳሪ ልጁን ያሳድጋል፣ ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል። አንዱን ብቻ አስወስነው የአባቱን ቤት ወይም ጡረታ ሲጠይቁ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ እናንተ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው የምትዳኙት። ልጁን በአያቱ የጤና መድህን ደብተር ላይ አስገቡት፤ መክፈል ካልቻሉ ቀበሌው በድሃ ድሃ ዝርዝር ያቅርባቸው።

ከአዳማ፦ አያቱ አርጅተው ከሆነ ማሳደጊያ አይሻልም?

መላሽ፦ አይሻልም። ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ ነው። መጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ የአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ) ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ስለተከለከለ እሱን አታንሱብኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የቅብብሎሽ ቅጹን ግን በምን እናባዛ? ኮፒ ማሽናችን ተበላሽቷል።

መላሽ፦ በካርቦን። ሦስተኛው ኮፒ እንዲነበብ በእስክሪብቶ ጫን እያልክ ጻፍ።