ቀመሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሒሳብ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ይህን የምጽፍላችሁ ግን አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። በእናንተ ዕድሜ አንዲት ቀላል የፕሮባብሊቲ (አንድ ነገር የመሆን ዕድል ስሌት) ጥያቄ ጉድ ስለሠራችኝ ነው።

ጥያቄዋ ይህች ነበረች። ሁለት ሳንቲሞች ወደ ላይ ይወረወራሉ። ሁለቱም ዘውድ የመሆናቸው ፕሮባብሊቲ ስንት ነው? እኔ ከክፍሉ ፈጣኖች አንዱ ነኝ ባይ ነበርኩ። ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። «ወይ ሁለቱም ዘውድ፣ ወይ ሁለቱም ጎፈር፣ ወይ አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር። ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ 1/3» አልኩ።

መምህሬ አልተቆጡም። ከኪሳቸው ሁለት ሳንቲም አውጥተው ሰጡኝና «እየወረወርክ ጻፍ፤ እስክትሰለች» አሉኝ። አንዱ ሳንቲም አዲስ፣ ሌላው ያረጀ ነበር። እየወረወርኩ ስጽፍ «አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር» ያልኩት ሌሎቹን ጥሎ ሄደ። ግራ ገባኝ። ከዚያ ዓይኔ ሳንቲሞቹ ላይ አረፈ። አንዳንዴ አዲሱ ዘውድ፣ አሮጌው ጎፈር ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ። እኔ አንድ ብዬ የቆጠርኩት ለካ ሁለት ነው! ውጤቶቹ አራት ናቸው፤ መልሱም 1/4።

ሁለቱም አዲስ ቢሆኑስ? ያው ነው። እኛ ለየናቸው አልለየናቸው፣ ሳንቲሞቹ ግድ የላቸውም።

ለብዙ ጊዜ በዚህ ነገር አፍር ነበር። በኋላ ነው ጓደኛ ያገኘሁት። ዳላምቤር የሚባል ስመ ጥር የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1754 የጻፈው ጽሑፍ ላይ፣ አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ዘውድ የማግኘት ዕድል 2/3 ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን ስሙት። በመጀመሪያው ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፤ ሁለተኛ መወርወር አያስፈልግም። ስለዚህ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዘውድ፣ ጎፈር ቀጥሎ ዘውድ፣ ጎፈር ቀጥሎ ጎፈር። ከሦስቱ ሁለቱ ይመቹናል፤ 2/3። አያሳምንም? ያሳምናል። ግን ስህተት ነው። የመጀመሪያው «ዘውድ» ብቻውን የግማሽ ያህል ይመዝናል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሩብ ሩብ ናቸው። ትክክለኛው 3/4 ነው። ሌላው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ሌይብኒዝም ከዚያ በፊት በሁለት ዳይስ (ስድስቱ ገጾቹ ከ1 እስከ 6 የተቆጠሩ መጫወቻ) 11 እና 12 የመውጣት ዕድላቸው እኩል ይመስለው ነበር። 12 የሚመጣው በ6 እና 6 ብቻ ነው። 11 ግን 5 እና 6፣ 6 እና 5 ሆኖ በሁለት መንገድ ይመጣል።

ቀመሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚፈለጉት ውጤቶች ላዕል፣ ጠቅላላ ውጤቶች ታህት። የሚረሳው ቀመሩ አይደለም፤ ቀመሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቃል ናት፤ ውጤቶቹ እኩል ዕድል ሊኖራቸው ይገባል። እሷን ከዘለልን «ነገ ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም፤ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው» የሚል ቀልድ ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ታህቱን ከመጻፋችሁ በፊት ውጤቶቹን በእርሳስ ዘርዝሩ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እነዚህ እኩል ናቸው ወይ? ሁለት ዳይስ ከሆነ ስድስት በስድስት ሠንጠረዥ ሥሩ፤ 36 ሣጥን። ጊዜ ይፈጃል ትሉኛላችሁ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ባካችሁ።

«ቢያንስ» የምትል ቃል ስታዩ ደግሞ ቆም በሉ። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የምትጥለው እሷ ናት። አንድ ዳይስ አራት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ብዙዎች 1/6ን አራት ጊዜ ደምረው 4/6 ይላሉ። እሺ፣ በዚሁ ስሌት ሰባት ጊዜ ወርውሩ። 7/6 ሆነ! ከ1 የሚበልጥ ፕሮባብሊቲ የለም፤ እንግዲያው መንገዱ ከመነሻው ጠማማ ነው። ቀላሉ ዘዴ ከኋላ መምጣት ነው። አንድም 6 አለመውጣቱን አስሉ፦ 5/6 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 625/1296። ከ1 ቀንሱት፤ 671/1296፤ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1654 በፊት የነበሩ ቁማርተኞች ስለ ዳይስ ሲጨቃጨቁባቸው ከነበሩ ጥያቄዎች አንዱ ይህን ይመስላል። በዚያ ዓመት የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቆቹ ፓስካልና ፌርማ በደብዳቤ ተጻጽፈው ለእንዲህ ያለው ስሌት መሠረት ጣሉ። (ቁማር ለሒሳብ ጠቅሞ ይሆናል፤ ለቁማርተኛ ግን ሲጠቅም አላየሁም።)

ብይ ከከረጢት ስታወጡስ? ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። 5 ቀይ፣ 3 ጥቁር ብይ አለ እንበል። ሁለት ቀይ ለማግኘት፣ የመጀመሪያው ካልተመለሰ 5/8 ሲባዛ በ4/7፣ ማለትም 5/14። ከተመለሰ 25/64። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ዘሎ ሙሉ ነጥብ ያጣ ጎበዝ ስንት አይቻለሁ።

አሁን እርሳስ ያዙ፤ አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ጥንት ሦስት ዳይስ የሚወረውሩ ሰዎች ድምሩ 10 ከ9 ትንሽ በዝቶ እንደሚወጣ አስተዋሉ። ሁለቱም ግን በስድስት ዓይነት ነው የሚገኙት። 9 ሲሆን፦ 1-2-6፣ 1-3-5፣ 1-4-4፣ 2-2-5፣ 2-3-4፣ 3-3-3። 10 ሲሆን፦ 1-3-6፣ 1-4-5፣ 2-2-6፣ 2-3-5፣ 2-4-4፣ 3-3-4። ታዲያ ለምን ይለያያሉ? ጥያቄው የጣሊያኑ ሳይንቲስት ጋሊልዮ ዘንድ ቀርቦ፣ ቁጭ ብሎ ቆጥሮ መለሰው። ሦስቱን ዳይሶች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አድርጋችሁ አስቡ። 3-3-3 ስንት ጊዜ ይጻፋል? 1-2-6ስ? ጠቅላላው 216 ነው። ድምሩ 9 ለሚሆንበት 25 መንገድ፣ 10 ለሚሆንበት 27 መንገድ ካላገኛችሁ የዘለላችሁት አለ፤ እንደገና ቁጠሩ።