ሳይንስ ስለሚለዋወጥ እናቴ ኪኒኗን ትተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ እማራለሁ። የሳይንስን ታሪክ ሳነብ ትላንት እውነት የተባለው ዛሬ ስሕተት ሆኖ አገኘዋለሁ። እናቴ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፤ አሁን ጸበል ጀምራለች። በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ከሆነ ኪኒኑን ብትተወው ምን አለበት?

መልስ፦ አለበት እንጂ ልጄ! ኪኒኑን እንዳታስተዋት። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይለናል።

ወደ ታሪኩ ልምጣ። አንተ መለወጡን አየህ፤ በምን ምክንያት እንደተለወጠ ግን አላየህም። ዩራነስ የተባለው ፕላኔት ከተሰላለት መንገድ ወጣ እያለ አስቸገረ። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪዬ አንዲት ያልታየች ፕላኔት እየሳበችው ነው ብሎ ቦታዋን በወረቀት አሰላና ወደ በርሊን ጻፈ። በ1846 እ.ኤ.አ. ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት ሌሊት ኔፕቲዩን ተገኘች፤ ካለው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ አልራቀችም።

ሜርኩሪም ከስሌቱ ወጣ ትል ነበር። ያው ሰው በያው ዘዴ ፀሐይ አጠገብ ሌላ ፕላኔት አለች አለ። ቨልካን ተባለች። አየኋት የሚልም አልጠፋም! ቢፈለግ ቢፈለግ ግን የለችም። ልዩነቱ እኮ በመቶ ዓመት ከአንድ ዲግሪ መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ማን ያየዋል ብለው አላለፉትም። በ1915 አንስታይን በአዲስ የስበት ትምህርት ያለ ቨልካን ፈታው። በነፋስ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይጨነቅም።

ለሳይንስ ጥብቅና የሚቆሙትም ታሪኩን ያሳምሩታል፤ ይሄ አይደላኝም። ኮፐርኒከስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን መጽሐፉን በ1543 ሲያወጣ ያልተቀበሉት ሁሉ ጅሎች አልነበሩም። ምድር የምትዞር ከሆነ ከዋክብት ለምን ቦታቸውን ሲቀይሩ አናይም ብለው ጠየቁ። ደህና ጥያቄ ነው። ያ ፈቅታ የተለካው በ1838 ነው። ይህን ደብቆ የሚያስተምር ሰው፣ ተማሪው በኋላ ስሕተቱን ሲያገኝ ሁሉንም አሽቀንጥሮ ይጥልበታል። አንተ ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል።

ለእናትህ፦ ግፊቷ ይለካ። መድኃኒቱን መቀነስም መለወጥም የሐኪሙ ፋንታ ነው። ስለ ጸበሉ የንስሐ አባቷን አማክሩ። አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ጠዋት ከጸበል ስትመለስ ኪኒኗን በዚያው በጸበሉ ብርጭቆ ብትውጠው ማንም አይቆጣትም።