ሩብ ጋሻ መሬትና የሁለት ደቂቃ ንግግር

የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን ሰባት ሰዎች ሆነን አንድ ጉድጓድ ከበን ውኃ ስናይ ዋልን። ጉድጓዱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ባለሙያው በባልዲ ውኃ ሞላበት፣ መለኪያ ዘንግ ተከለበት፣ ሰዓቱን ተመለከተ። ውኃው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልወረደ አፈሩ ፍሳሽ አይመጥም ማለት ነው። አፈሩ ፍሳሽ ካልመጠጠ መጸዳጃ ቤት አይፈቀድም፤ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑም የለም። ውኃው ወይ ፍንክች! ከመካከላችን የነበሩ አንዲት እናት «አሁንማ ጠበል ሊሆን ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ቀብድ ከፍለን ነበርና።

መሬቱ ሜሪላንድ ውስጥ በሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ የክፍለ ግዛት ንዑስ አስተዳደር ነው)፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ አርባ ደቂቃ ያህል የሚያስነዳ ቦታ ነው። ደላላው «ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አገር ቤት ይመስላል» ብሎን ነበር። አልዋሸም፤ ሦስቱም እውነት ነበሩ። ነገር ግን ለምን ርካሽ እንደሆነ ከሰባታችን አንዳችንም አልጠየቅንም። የረከሰው የካውንቲው ምክር ቤት በ1980 ድምፅ ሰጥቶ አካባቢውን የእርሻ ጥብቅ ክልል ስላደረገው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እኛ ገና አሜሪካን በካርታ ላይ በምናይበት ጊዜ፣ ሮክቪል በሚባል ከተማ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች የእኛን ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ጨርሰውት ነበር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጉድጓድ ከበው ለሚቆሙ ወገኖቼ ነው። የፌዴራሉን መንግሥት ነገር እንከታተላለን፤ የአዲስ አበባውንማ ከእነሱ በላይ እናውቃለን። በራችን ላይ ያለውን ካውንቲ ግን የምናስታውሰው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ሲመጣ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ ውሳኔው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ሳውቀው የገረመኝ ነገር አለው። ከ1980 በፊት በዚያ አካባቢ በየአምስት ኤከሩ አንድ ቤት መሥራት ይፈቀድ ነበር። ከተማው እየሰፋ እርሻውን መዋጥ ሲጀምር ምክር ቤቱ ደንቡን ለወጠና በ25 ኤከር ላይ ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም አለ። 25 ኤከር ወደ 10 ሄክታር ይጠጋል፤ በአያቶቻችን ልክ ሩብ ጋሻ መሆኑ ነው። ጥብቅ ክልሉ በጠቅላላው 93,000 ኤከር ገደማ ሲሆን የካውንቲው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ከዋሽንግተን ከተማ አፍንጫ ሥር ከዘጠኝ መቶ ጋሻ በላይ መሬት ለእርሻ ተብሎ ተቀምጧል።

ገበሬው ዝም አለ? አላለም። መቶ ኤከር ያለው ሰው ትናንት ሃያ ቤት የሚያሠራ መሬት ነበረው፤ ዛሬ አራት ብቻ ሆነበት። ምክር ቤቱ ያመጣው መላ የግንባታ መብት ዝውውር የሚባለው ነው። ገበሬው በመሬቱ ላይ ሊሠራ ይችል የነበረውን ቤት መብቱን ብቻ ነጥሎ፣ ከተማው አካባቢ በተመረጡ ቦታዎች ለሚገነባ ኩባንያ ይሸጣል። ኩባንያው በገዛው መብት ልክ ተጨማሪ ቤቶች እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ገበሬው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ማረሱን ይቀጥላል። በዚህ ግዢ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የለበትም።

«መሬት ላራሹ» ሲባል ለሰማ፣ ከዚያም በ1975ቱ አዋጅ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን ላየ ትውልድ ይህ ቶሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። በእኛ አእምሮ መሬት ወይ ያንተ ነው ወይ ያንተ አይደለም። እዚህ ግን ባለቤትነት እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፤ የማረሱ መብት አንድ መደብ፣ የማውረሱ ሌላ፣ ቤት የመሥራቱ ደግሞ ሌላ መደብ ነው፤ አንዱን ሸጦ ሌላውን ማስቀረት ይቻላል። ካውንቲውና የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ደግሞ ከዚህ አልፈው በሕዝብ ገንዘብ የግንባታ መብቱን ራሳቸው የሚገዙበት አሠራር አላቸው። ያን ጊዜ በመሬቱ ላይ ለዘለቄታው የጥበቃ ውል ይመዘገባል። ውሉ የሚከተለው መሬቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ወራሹም ገዢውም ይታሰሩበታል።

ስለዚህ ማኅበርም ሁኑ፣ ዕድርም ሁኑ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ለመሥራት የተሰባሰባችሁ ሁኑ፣ ርካሽና ሰፊ መሬት ስታገኙ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት ወደ ካውንቲው የፕላን ቢሮ ሂዱ። መሬቱ በየትኛው የአጠቃቀም ክፍል እንደተመደበ፣ የሕዝብ ውኃና ፍሳሽ መስመር ወደዚያ እንዲዘረጋ ይፈቀድ እንደሆነ፣ የጥበቃ ውል ተመዝግቦበት እንደሆነ ጠይቁ። በጥብቅ ክልሉ ውስጥ መስመሩ በአብዛኛው አይገባም፤ በራሳችሁ ጉድጓድና በራሳችሁ አፈር ትተዳደራላችሁ። የግዢ ውሉ ላይም አፈሩ ፈተናውን ካላለፈ ቀብዱ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይኑር። እኛን ያተረፈችን እንዲህ ያለች አንቀጽ ናት፤ ያስገባትም ጠበቃው ነው። እኛማ ለጠበቃ የምንከፍለውን ገንዘብ እያየን ስናጉረመርም ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛችሁ ሰዎች የርክክቡን ቀን ሰነድ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከብዙዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ የክፍለ ግዛቱ የስም ማዛወሪያ ግብር ተጽፏል፤ መደበኛው መጠን የቤቱ ዋጋ ግማሽ በመቶ ነው። የ400,000 ዶላር ቤት ከሆነ 2,000 ዶላር መሆኑ ነው። በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከሆነ ግብሩ በግማሽ ይቀንስና የሚከፍለውም ሻጩ ይሆናል፤ ይህን የማያውቅ ገዢ አይቻለሁና በደንብ ያዙት። ይህ ግብር ከ1969 ጀምሮ ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ የሚባለውን አሠራር ያንቀሳቅሳል። ለፓርክ፣ ለደንና ለክፍት ቦታ መሬት የሚገዛው በእሱ ነው፤ ከፊሉም ለየካውንቲው ይከፋፈላል። በዓመታዊው የንብረት ግብራችሁ ላይ ደግሞ ለፓርኮች የሚሄድ ድርሻ አለ። ተከራይም ብትሆኑ ባለቤቱ ግብሩን ከኪራዩ ላይ እንደሚለቅመው ታውቃላችሁ።

ገንዘቡ ለመሬት ተብሎ ቢሰበሰብም ሁልጊዜ መሬት ላይ አይውልም። በጀት በጠበበባቸው ዓመታት ክፍለ ግዛቱ ከዚህ ሣጥን እያወጣ ሌላ ቀዳዳ ሲደፍንበት ኖሯል፤ በ2016 የሕግ አውጪው ምክር ቤት የተወሰደው ቀስ በቀስ እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ የወጣው ለፓርክና ለእርሻ የቆሙ ሰዎች በየዓመቱ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ እየሄዱ ስለጨቀጨቁ ነው። መጨቅጨቅ እዚህ አገር ነውር አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ክልሉን አልወደድኩትም። ለሀብታም ፈረስ ማሰማሪያ ተብሎ ድሃ ከመሬት የታገደ መሰለኝ። ዛሬም ቢሆን «ቤት የተወደደው መሬቱ ስለተቆለፈ ነው» የሚል ወጣት ስሰማ ጥያቄው ተገቢ አይደለም አልልም። ሁለት ልጅ ይዞ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ በቆሎ ማሳ ውበት ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? ነገር ግን የ1980ው ስምምነት ሁለት ክንፍ ነበረው፤ ሰሜኑን ለእርሻ ጠብቆ፣ ደቡቡን፣ ባቡሩና አውቶቡሱ ያለበትን፣ አጠጋግቶ መሥራት። አንደኛው ክንፍ ተከብሯል። ሁለተኛው ላይ ግን ባቡር ጣቢያ አጠገብ አፓርታማ ይሠራ ሲባል ግቢያቸው ሰፊ የሆነ ጎረቤቶች ተሰልፈው መጥተው ይቃወማሉ፤ የሚከራየው ሰው ደግሞ የማታ ፈረቃ ላይ ነው። የእኛ ክርክር መሆን ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እርሻውን ልቀቁ ከማለት ይልቅ የገባችሁትን ግማሽ ቃል ፈጽሙ ማለት ያዋጣናል።

በኮቪድ ጊዜ ስብሰባው በኢንተርኔት ስለነበር የፀሐይ ኃይል ክርክሩን ኩሽናዬ ውስጥ ሆኜ ተከታትያለሁ። በእርሻው ክልል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይተከል አይተከል የሚል ነበር። በሁለቱም ወገን ተፈጥሮ ወዳዶች ነበሩ፤ አንዱ አየሩን፣ ሌላው አፈሩን ያስቀድማል። በ2021 መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ በጥብቅ ሁኔታ ፈቀደ፤ ምርጥ በሆነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በሚባለው አፈር ላይ ግን ከለከለ። የአፈር ደረጃ! አባቴ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ሲመድብ ትዝ አለኝና፣ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳዳምጥ ቆየሁ።

እንግዲህ መቼና እንዴት መናገር እንደሚቻል። የካውንቲው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ የሥራ ማስኬጃውን በጀት እስከ ማርች 15 ድረስ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጠው ባብዛኛው በኤፕሪል ነው፤ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ያጸድቃል። የግንባታና የመሬት ግዢ የስድስት ዓመት ዕቅድ ደግሞ ቁጥራቸው ለሁለት እኩል በሚካፈል ዓመታት በጃንዋሪ ወር ይቀርባል። በሜይ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ «ፓርካችን መጸዳጃ የለውም» የሚል ሰው ሠርግ ካለቀ በኋላ ድንኳን ይዞ እንደመጣ ዘመድ ነው።

ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ገና ጉዳዩ በሒደት ላይ ያለውም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ለካውንቲው ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን ዜግነት ይጠይቃል። (በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ትንሿ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታሳትፋለች።) ደጅ መጥናት፣ ጉዳይ አስፈጻሚ መፈለግ፣ የባለሥልጣን ዘመድ ማፈላለግ የለም። ስማችሁን አስቀድማችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ እንደ ስብሰባው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጣችኋል። መሄድ ያልቻለ በጽሑፍ ይልካል፤ ያም ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል።

ሁለት ደቂቃ ለእኛ ሰው ሰላምታ ለመጨረስ እንኳ አትበቃም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜዬን «ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት» ብዬ ጀምሬ፣ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን አንድ አንቀጽ አንብቤ፣ ቀና ስል ቀይ መብራት በርቶብኝ ነበር። ወረቀቴን አጥፌ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ዓመት ስሜንና ሰፈሬን ተናገርኩ፤ ከበጀት ሰነዱ የፕሮጀክቱን ቁጥር ጠራሁ፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ቁጥር አለውና። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። ፓርኩ ውስጥ በዓል ስናከብር ሁለት መቶ ሰዎች እንሆናለን፤ መጠለያው ለሠላሳ ሰው የተሠራ ነው፤ ሕፃናትና አሮጊቶች ይዘን ከጠዋት እስከ ማታ ስንቆይ መጸዳጃው ሩቅ ነው፤ እባካችሁ ይህን በዕቅዱ ውስጥ ተመልከቱት፤ በቃ። ከአባላቱ አንዱ «ሁለት መቶ ነው ያልከው?» ብሎ ጠየቀኝና ጻፈ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? መጸዳጃውም እንደዚያው ነው።

ሌላ ቦታ ያላችሁም የራሳችሁን ፈልጉ። ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ አካባቢ የምትኖሩ፣ በአራፓሆ ካውንቲ የመቶ ዶላር ዕቃ በገዛችሁ ቁጥር 25 ሳንቲም ለክፍት ቦታ ትከፍላላችሁ። በ2003 የጸደቀው በሕዝብ ድምፅ ነው፤ በ2021ም ያለ ጊዜ ገደብ እንዲቀጥል የወሰነው ሕዝቡ ነው። በዚያ ክፍለ ግዛት ከ1992 ጀምሮ አዲስ ግብር ያለ ሕዝብ ድምፅ አይጣልም። ስለዚህ የምርጫ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ከታች ያለውንም አንብቡ፤ ስም የለበትም ብላችሁ አትለፉት።

እግረ መንገዴን፣ ጎንደር ከ2012 ጀምሮ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እህት ከተማ ናት። ምክር ቤቱ ፊት ስትቀርቡ ይህን መጥቀስ አይጎዳም፤ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አታስበልጡት። መብራቱን አትርሱ።

ደግሞም ስትመዘገቡ ከስማችሁ አጠገብ አነባበቡን በቅንፍ ጻፉላቸው። ካልጻፋችሁ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አይቶ ትንሽ ይቆያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያም ምንም የማይመስል ነገር ይጠራል። ማንም ካልተነሣ የተጠራችሁት እናንተ ናችሁ።